መነጽር ምን ያደርጋል አቦ!

ድሬዳዋ ውስጥ የሰው ዓይን መድከሙ የሚታወቀው በሰላምታው ነው። ከሩቅ የሚመጣው ማን እንደሆነ መለየት ያቃተው ሁሉ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ለሚያልፍ ለማንም እጁን ያነሣል። ዘመድ ሆኖ ቢገኝ «ኮራ» እንዳይባል ነው። ይህን ያየ እንግዳ «የድሬ ሰው እኮ ፍቅር ነው!» እያለ ይሄዳል። ፍቅሩ ግን ማይነስ 2.5 ነው።

እኔም ከእነዚህ ፍቅር ሰዎች አንዱ ነኝ። የመነጽር ቁጥሬ ማይነስ 3 ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ አንድ ሜትርን ለሦስት ማካፈል። 33 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያለውን ጥርት አድርጌ አያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዓለም ለእኔ ወሬ ነው። መነጽር አለኝ፣ ኪሴ ውስጥ ነው። ኪሴ በጣም ጥሩ ያያል።

ስለዚህ ዛሬ የማመሰግነው የሙያ ጓደኞቼን ነው፤ መነጽራቸውን በቦርሳና በቁም ሣጥን ቆልፈው ዓይናቸውን አጨንቁረው የሚኖሩትን። ማጨንቆር ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሳይንስ አለው። የዓይን ቆቡ ሲጠብ ወደ ዓይን የሚገባው ጨረር ይሰበሰብና ብዥታው ቀነስ ይላል፤ ወረቀት በመርፌ በስቶ በቀዳዳው እንደማየት ነው። ፍሬም አይፈልግ፣ ሌንስ አይፈልግ። ግንባር ላይ የሚቀረው መስመር ደግሞ ቁም ነገረኛ ያስመስላል።

የዚህ ጥበብ ተተኪ እንዳይጠፋ ከሚደክሙት መካከል ታላቅ እህቴን የሚያህል የለም። ሳቢያን ነው የምትኖረው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ድሬ እንዴት እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ሱቁ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ የአወዳዩ ጫት ይፈታና ትልልቆቹ ፍራሹ ላይ ይጋደማሉ። የ5ኛ ክፍል ልጇ ግን ኳስ ይላል፣ ውጭ ይላል፣ ወሬ ያቋርጣል። መድኃኒቱ ስልክ ነው። ስልኩ እጁ ከገባ በኋላ ልጅ አለ አትሉም። ጨለምለም ያለው ክፍል ጥግ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ስልኩን ከአፍንጫው ስንዝር በማይሞላ ርቀት ይዞ፣ ፊቱ ሰማያዊ መስሎ ይውላል። አውራ ጣቱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነው!» ይላሉ እንግዶቹ። እውነት ነው፤ ግድግዳም ጨዋ ነው።

ስልኩ የተገዛው ከታይዋን ነው። አገሩን ማለቴ አይደለም፣ የእኛን ታይዋን ገበያ ነው። አገሩ ታይዋንማ ያሳዝናል! የተማሪዎቹ ዓይን ሩቅ ማየት እየተሳነው ሲያስቸግር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ ልጆቹን በቀን 120 ደቂቃ ደጅ እንዲያውሉ ፕሮግራም አወጣ። የቀን ብርሃን ማዮፒያ፣ ማለትም ሩቁን አለማየት፣ እንዳይጀምር ይከላከላል ተብሎ። ምስኪኖች፣ ፀሐይን በደቂቃ ቆጥረው ይሰጣሉ። እኛ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያነድ ፀሐይ ተርፎን መጋረጃ እንገዛለታለን። የቤት ውስጥ ብርሃን በብርሃን መለኪያው በሉክስ ጥቂት መቶ ነው፤ ደጅ ግን ዛፍ ጥላ ሥር እንኳ በሺዎች ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ሉክስ ለፍየሎቹ ለቀንላቸዋል። ፍየል መነጽር ስታደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በ2050 ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ማዮፒያ እንደሚኖረው ገምቷል። ድሬ በዚህ እንኳ ከዓለም ወደ ኋላ እንዳትቀር የሚተጉት እንደ እህቴ ያሉ እናቶች ናቸው። (አባቶችማ ፍራሹ ላይ ናቸው።)

ከትምህርት ቤት «ከጎረቤቱ ደብተር ይገለብጣል» የሚል ማስታወሻ መጣ። ልጁ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው አይታየውም፣ ምን ያድርግ? እህቴ መጀመሪያ በቁጣ ሞከረችው። ቁጣ የዓይን ቁጥር እንደማይቀንስ ሲገባት ሐኪም ጋ ሄድን። ማይነስ 1.75።

ሐኪሙ ትዕግሥት ያለው ሰው ነበር። የዓይን ኳስ ወደ ኋላ ከልክ በላይ ሲረዝም የሩቁ ነገር ምስል ከዓይን ጀርባ ባለው ምስል ተቀባይ ሽፋን፣ በሬቲናው ላይ ማረፉ ቀርቶ ከፊቱ እንደሚወድቅ ሥሎ አሳየን። የረዘመ ዓይን መልሶ አያጥርም። ልጁ ቁመት አልጨመረም ብላ ስትጨነቅ የኖረችው እህቴ፣ ድካሟ ለካ ዓይኑ ላይ ፍሬ አፍርቷል። ከዚያ ምርጫዎቹን ነገረን፦ መነጽር አለ፣ ኮንታክት ሌንስ አለ፣ ማታ ተደርጎ ጠዋት የሚወልቅ ኮርኒያን (የዓይንን የፊት ሽፋን) ለቀኑ የሚያስተካክል ሌንስ አለ፣ ቁጥሩ ቶሎ እንዳይጨምር የሚያዘገይ መጠኑ ዝቅ ያለ የአትሮፒን ጠብታ አለ። ሌዘሩ ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ ቁጥሩ ለረጋ ሰው ነው፤ እሱም ኮርኒያውን እንጂ ርዝመቱን አይነካም። ቁጥሩ ማይነስ 6ን ካለፈ ሬቲና የመላቀቅ አደጋ ከፍ እንደሚል ስለዚህ ከአሁኑ ክትትል እንደሚሻል ጨመረ። እህቴ «አቦ አንተ ደግሞ አታስፈራራን» አለችው። ድሬ ነው፤ ሐኪምም ቢሆን አንቱ የለም።

ማታ ቤተ ዘመዱ ተሰበሰበና ሐኪሙ የረሳውን ምርጫ አገኘ፦ «ሲያድግ ይተወዋል።» አንዱ ካሮት አለ። ሌላው «መነጽር ካስለመዳችሁት ቁጥሩ ይጨምራል» አለ። ልክ ነው፤ እግሩም በየዓመቱ የሚያድገው ጫማ ስለሚገዛለት ነው፣ እሱንም ማቆም ነው። አክስቴ ደግሞ «አራት ዓይን ብለው ይሰድቡታል» ብላ አለቀሰች። በአብነት ትምህርት ቤት «አራት ዓይና» የሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜ የተራቀቀ ሊቅ እንደሆነ ማን ይንገራት! በዚህ ሁሉ መሀል የአጎቴ ልጅ ብሉ ከት ያለው ዜሮ ቁጥር መነጽር ለፋሽን አድርጎ ተቀምጧል። የሚያየው አጥልቋል፣ የማያየው ይከለከላል።

ለሴት ልጅ ሲሆን ጥበቡ ይረቃል። ሽማግሌ ሊመጣ ሲል መነጽሯን ታወልቃለች፤ ሻዩን ግድግዳ እየዳሰሰች ታቀርባለች። «አንገቷን የደፋች» ተብላ ትመረጣለች። እሷም የሚያገባትን ሰው ጥርት አድርጋ አላየችው፤ ለትዳር ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ከየት ይመጣል?

የእህቴ ልጅ መነጽር ሳይገዛለት ቀረ። ችግሩ ግን በሌላ መንገድ ተቃልሏል። እህቴ 48 ዓመቷ ነው፤ የቅርቡ ጽሑፍ ከከዳት ቆይቷል፣ ስልኳን ክንዷ እስከደረሰ ብታርቀውም እንቢ ብሏል። እሷም መነጽር ምን ያደርጋል ባይ ናት። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ነው የሚወጡት። ሩቁን እሷ ትይዛለች፦ «ባጃጅ መጣ፣ ሰው ሞልቷል፣ ያቺ አክስትህ ናት ሰላም በላት።» ቅርቡን እሱ ይይዛል፦ የዘይቱን ዋጋ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት፣ የባንኩን መልእክት። ለሁለት መነጽር የሚወጣ ብር ተረፈ። አንዱ ጉንፋን የያዘው ቀን ግን ሁለቱም ቤት ይውላሉ።

ይህን ጽሑፍ ላኩላት። ትናንት ደውላ «ስለ እኔ ነው አሉ የጻፍከው» አለችኝ።

«አነበብሽው?»

«ቆይ» አለችና ስልኩን ሳታርቅ ወደ ጓዳ ጮኸች፦ «አንተ ዋሪያ! ና እስቲ አንብብልኝ!»

ስልኩ እጁ ሲገባ ሰማሁ፤ ትንፋሹ ጆሮዬ ላይ ነበር።