ከ273 በፊት ዜሮው ይቅደም

በሴልሺየስ የተለካ የሙቀት መጠን ወደ ኬልቪን የሚለወጠው 273.15 በመደመር ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ያው ይቀነሳል። ተማሪዎቻችን ይህን በቀላሉ ይይዙታል፣ ፈተና ላይም እምብዛም አይሳሳቱም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሳይነገራቸው ስለሚያልፉት ግን ኬልቪን ለምን እንዳስፈለገ ቢጠየቁ መልስ ያጣሉ። በእኔ እምነት ትምህርቱ ከቀመሩ በፊት ስለ ዜሮው መናገር አለበት።

የሴልሺየስ ዜሮ ሰዎች ለአመቺነት የመረጡት ነው። ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንደርስ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበትን ዜሮ፣ በረዶ የሚቀልጥበትን መቶ ብሎት ነበር፤ የተገላበጠው ኋላ ነው። መቶውም ቢሆን በባሕር ወለል የአየር ግፊት ላይ የቆመ ስለሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

የኬልቪን ዜሮ ግን ተፈጥሮ ያስቀመጠችው ወሰን ነው። ግፊቱ ሳይለወጥ የሚቀዘቅዝ ጋዝ በየዲግሪው፣ በዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ከነበረው ይዘት 1/273 ያህሉን ያጣል፤ ይህ ቅነሳ እስከ መጨረሻው ቢቀጥል ይዘቱ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ አካባቢ ባዶ ይሆን ነበር። እርግጥ ጋዞች እዚያ ሳይደርሱ ፈሳሽ ይሆናሉ። ቢሆንም በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊሊያም ቶምሰን በ1848 ፍጹም የሙቀት መለኪያ ሲያቀርብ ዜሮውን ያሰላው ከአየር መስፋፋት በተገኘው በዚህ ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ማባዛትና ማካፈል ሲመጣ ነው። ከአዲስ አበባ በማለዳ በ15 ዲግሪ ተነስቶ ቀትር ላይ 40 ዲግሪ በሚደርስበት የአፋር ሜዳ የሚያልፍ የጭነት መኪና እናስብ። የጎማው ይዘት ብዙም አይለወጥም እንበልና በውስጡ ያለው አየር ልክ እንደ ውጪው ይሙቅ። 40ን ለ15 ያካፈለ ተማሪ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ይጨምራል ይላል፤ እንዲህ ቢሆን ኖሮ በዚያ መንገድ በደህና የሚደርስ ጎማ አይገኝም ነበር። በኬልቪን ሲሰላ 313.15 ለ288.15 ይካፈላል፤ ከባዶ ጀምሮ የሚለካው የጎማው ግፊት የሚጨምረውም 8.7 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ሌላው የተለመደ ስህተት የሙቀት ልዩነት ላይ 273 መደመር ነው። የአንዱ ኬልቪንና የአንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ስፋት እኩል ስለሆነ፣ የምድር ሙቀት በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨመረ ማለት በ1.5 ኬልቪን ጨመረ ማለት ነው፤ የሚደመርም የሚቀነስም የለም። ይህን ስህተት የሚያጠፋው ቀመሩን ደጋግሞ ማስጠናት ሳይሆን መለኪያዎቹ የሚለያዩት በመነሻቸው ብቻ መሆኑን ማሳየት ነው።

ሳይንሱም ያለው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬልቪን የሚተረጎመው ውሃን ተመርኩዞ ሳይሆን ሙቀትን ከሞለኪውሎች የእንቅስቃሴ ጉልበት ጋር የሚያገናኘውን የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር በመወሰን ነው፤ ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ ከኬልቪን 273.15 ተቀንሶ ይገኛል። ስለዚህ መምህራን ከቀመሩ አስቀድመው ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ቢያቀርቡ እመርጣለሁ፦ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ አየር ሙቀቱ እጥፍ ሆነ ማለት ይቻላል? የአየሩ ሞለኪውሎች አማካይ የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚጨምረው 6.8 በመቶ ያህል ነው፤ ተማሪው ወደዚህ መልስ የሚደርሰው ከትክክለኛው ዜሮ ተነስቶ ሲቆጥር ብቻ ነው።