«ማን ጠየቀኝ?»

ባለፈው ክረምት ጅማ ሄጄ የአክስቴ ልጅ የነገረኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የሚኖሩት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገጠር ነው። ልጁ እንቅልፍ አጥቶ፣ ራሱን እያመመው፣ ምግብ አልወርድ እያለው ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄዷል። አንዴ የራስ ምታት፣ አንዴ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙት። በሦስተኛው ደሙ ተመርምሮ «ምንም የለብህም» ተባለ። በአራተኛው የሄደው በሰው ሸክም ነው። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈ።

ቡና እየጠጣን ቀስ ብዬ «ምነው ታዲያ ለሐኪሞቹ ሳትነግራቸው?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ? አንድ ሰው ቢጠይቀኝ እኮ እናገር ነበር።»

አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም እኔ ይህችን ጥያቄ መጠየቅ ተምሬያለሁ። የምሠራው አሜሪካ፣ ደቡብ ዳኮታ ገጠር ውስጥ፣ ዙሪያዋ በቆሎና ከብት ብቻ የሆነ ትንሽ ክሊኒክ ነው። የአእምሮ ሐኪም ለማግኘት ከሁለት ሰዓት በላይ መንዳት አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ክሊኒኩ ተዘግቶ፣ ሰው ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነ እንዴት እንደሚጠየቅ ሁላችንም ሠለጠንን። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ስልክ የምታነሳዋም፣ የደም ግፊት የምለካው እኔም። የነገሩን ምክንያት አስደነገጠኝ። አሜሪካ ውስጥ ራሳቸውን ካጠፉት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከመሞታቸው በፊት ባለው አንድ ወር ውስጥ መደበኛ ሐኪማቸው ጋ ሄደው ነበር። ልክ እንደ አክስቴ ልጅ፣ ወገቤን፣ ራሴን፣ እንቅልፌን ብለው።

ሁለት ሁለት ሆነን ተለማመድን። የእኔ ተራ ሲደርስ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» የሚለው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ «ወግጂ! አታሟርቺ!» ነው መልሱ። አሠልጣኟ አራት ጊዜ አስደገመችኝ። «ስለጠየቅሽው ያላሰበውን አያስብም፤ ይልቅ ይቀለዋል» አለችኝ። «አዎ» ያለን ሰው ብቻውን አንተውም። አብረነው ቁጭ ብለን ስድስት ነጥብ ያለው ወረቀት እንሞላለን። ሲብስብህ ምን ይሰማሃል? ለማን ትደውላለህ? ጠመንጃውን ለጊዜው ማን ያስቀምጥልህ? እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በየትኛውም ሰዓት 988 ደውሎ እርዳታ መጠየቅም ይቻላል።

አገራችን ይህን አታውቅም እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያዘጋጀው መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ፤ ኢትዮጵያም ሥልጠናውን ሰጥታበታለች። መጠየቅ ሰውን ወደ ድርጊቱ እንደማይገፋ እዚያ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ያሠለጥናል። ግን ያ ሁሉ የአክስቴ ልጅ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ መድኃኒት ሲጽፍ የነበረው ሰው ጋ አልደረሰም። ሦስት ጊዜ! ያን ባለሙያ ብቻውን አልወቅሰውም፤ በሩ ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ አይቻለሁ። ግን ጥያቄዋ እኮ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም።

ደግሞ እኮ ዳኮታ የሌለን ነገር እኛ ቤት ሞልቷል። እዚያ ገበሬው ከጎረቤቱ ሳይገናኝ ሳምንት ያልፋል። እዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ታውቃለች። ማን እንዳረገዘች፣ የማን ልጅ ክትባት እንደቀረበት በቃሏ ትነግርሃለች። እሷ ብትሠለጥን፣ ያውም ገጠሩ በሚናገረው በአፋን ኦሮሞ፣ ከእኛ ክሊኒክ በፊት ትደርሳለች። የእድር ሰዎችም ቢሰሙት ጥሩ ነበር። ለቅሶ ላይ «ድንገት ነው» ብለን ድምፃችንን ዝቅ የምናደርግበት ነገር ስንት ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ከመመለሴ በፊት አክስቴን ስለ አረም መድኃኒቱ ጠየቅኳት። አልጋ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ስሪላንካ በጣም መርዛማ የሆኑትን የእርሻ መድኃኒቶች ስታግድ ራሱን የሚያጠፋው ሰው ቁጥር ከሁለት ሦስተኛ በላይ መቀነሱን ነገርኳት። ያ ክፉ ሰዓት ያልፋል፤ እስኪያልፍ ግን እጅ ላይ ምንም መኖር የለበትም። አክስቴ ምንም አላለችኝም። ተነሥታ ሳጥን አወጣች፣ ከተተችበት፣ ቆለፈች። ቁልፉን ጎረቤት ወስዳ ሰጠች።

አሁን በየእሑዱ እደውላለሁ። ከልጁ ጋር ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ከዚያ እጠይቀዋለሁ፣ በግልጽ፣ በስሙ ጠርቼ። አንዳንድ እሑድ «ደህና ነኝ» ይላል። ባለፈው ግን ዝም አለ፤ ከዚያ «ይቺን ሳምንት ከብዶኛል» አለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። በማግሥቱ እናቱ ይዛው ጅማ ሄደች።