ፓርኩ ሰፊ ነው፤ መቀመጫው የት አለ?

ሰው ትልቅ ፓርክ ለምን እንደሚሄድ አስተዳዳሪዎቹ የረሱት ይመስለኛል። ከበሩ ጀምሮ በየምሰሶው ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። እሱን አመለጥኩ ብለህ ወደ ዛፎቹ ስትጠጋ፣ ከመድረኩ ሌላ ሙዚቃ ይቀበልሃል። ሁለቱ ተደባልቀው አንዱም በቅጡ አይሰማም። ታዲያ ለማን ነው የሚጮኸው?

መቀመጫውማ አይነሳ! አግዳሚ ወንበሩ በሙሉ ፀሐይ ላይ ተደርድሯል። ጥላው ያለው ሣሩ ላይ ነው። ሣሩ ላይ ደግሞ «መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። አንዲት እናት ልጇን ልታጠባ ጥላው ጫፍ ላይ ቁጭ ከማለቷ የጥበቃው ፊሽካ ተነፋ። ልጁ ደንግጦ ጡቱን ለቀቀ። ምን አጠፋች? ሣር እንደሆነ መልሶ ይበቅላል።

የሚያበግነው ደግሞ ነገሩ መላ የሌለው አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የኒውዮርኩ ሴንትራል ፓርክ ሲነደፍ፣ ነዳፊዎቹ ኦልምስቴድና ቮክስ ፓርኩን አቋርጠው የሚያልፉትን መንገዶች ከመሬቱ ዝቅ አድርገው አወረዷቸው። ተመልካቹ እንዳያያቸው፣ ጫጫታቸውም እንዳይረብሸው። ያኔ እኮ የነበረው የፈረስ ጋሪ ነው! የሞስኮው ጎርኪ ፓርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 የመግቢያ ክፍያውን ጭራሽ አንስቶታል። እኛ ጋ ለመግቢያ ከፍለህ፣ ለካሜራ ሌላ ትኬት ትቆርጣለህ።

መጸዳጃ ቤቱ? ቁልፍ የያዘው ሰውዬ «አሁን ይመጣል» ተብሏል። ማታ ስንወጣም «አሁን ይመጣል» ነበር።