ከጪቱ ሐይቅ ኢንዛይሙ ይቅደም

ከሐዋሳ ተነስቶ፣ ሻሸመኔን አልፎ ወደ ጪቱና ሻላ ሐይቆች የሚወርድ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የሚያልመው አዲስ አንቲባዮቲክ ነው። የሐይቆቹ ውሃ ሶዳ የበዛበት ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት ልኬቱ፤ 7 ገለልተኛ ነው) 10 ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ የለመደ ባክቴሪያ ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ቢያመርት አይገርምም። አጀማመሩ ላይ ግን አልስማማም፤ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ነው።

ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ እንዳለ ወስደን ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በተዘራበት ፕሌት (የላብራቶሪ ሳህን) ላይ ብንጨምረው፣ ኢ. ኮላይ ያላደገበት ጥርት ያለ ክብ ዙሪያው ይታያል። ገዳዩ ግን ሶዳው ራሱ ሊሆን ይችላል። ምንም ያልተዘራበት ተመሳሳይ ፈሳሽ ጎን ለጎን ካልተሞከረ፣ ናሙናውም ወደ ፒኤች 7 ካልተመለሰ፣ ያ ክብ ማስረጃ አይሆንም። ይህን ቢያልፍ እንኳ ውህዱ ከድሮ የታወቀ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ናሙናውን ወደ ውጭ እንላክ ቢባል ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያሻል፤ መሆንም ያለበት ነው።

ኢንዛይም ፍለጋ እዚሁ ተጀምሮ እዚሁ ያልቃል። ከፍልውሃ የተገኘው ዝነኛው ታክ ፖሊመሬዝም እኮ ኢንዛይም ነው፤ ባክቴሪያውን ቶማስ ብሮክና ሃድሰን ፍሪዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቁት ኢንዛይሙ ዝና ያተረፈበት ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ፣ ገና አልታሰበም።

ኢንዛይም አምራች ባክቴሪያ ለማሳደግ፣ ለአንድ ሊትር ምግብ 5 ግራም ፔፕቶን (የተፈጨ ፕሮቲን)፣ 5 ግራም የእርሾ ጭማቂ፣ 1 ግራም ዳይፖታሲየም ፎስፌት፣ 0.2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 15 ግራም አጋር ይበቃል። ግሉኮስ በተለመደው አሠራር 10 ግራም ነው፤ ፕሮቴዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ለሚፈልግ ግን 1 ግራም ይሻላል፤ ስኳር የጠገበ ባክቴሪያ ፕሮቲን ለመቁረጥ አይቸኩልም። 10 ግራም ሶዲየም ካርቦኔትና 10 ግራም ቅባት አልባ የወተት ዱቄት ለየብቻቸው ተሟሙተው፣ ለየብቻቸው ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ይገባሉ፤ ሁሉም 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ይደባለቃሉ። ሶዳው አብሮ ከተቀቀለ ስኳሩ ይጠቁራል፣ ማግኒዥየሙም ይዘቅጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱን ሲያነብ ነው፤ ፕሮቴዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ወተቱን በልቶ ዙሪያውን ጥርት ያለ ክብ ይተዋል። በዚህ ፒኤች ወተቱ ራሱ ስለሚሳሳ ክቡ በደንብ አይለይም። ኮሎኒዎቹን (የባክቴሪያ ክምችቶቹን) ወደ ሌላ ፕሌት ቀድቶ ካስቀመጡ በኋላ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ማፍሰስ ነው፤ ያልተበላው ፕሮቲን ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ የተበላው ቦታ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ገበያውም ሩቅ አይደለም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፀጉር የሚያራግፉበት ኖራና ሶዲየም ሰልፋይድ አሲድ ከነካው መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ በሶዳ ውስጥ የሚሠራ ፕሮቴዝ ይህን ኬሚካል ሊቀንስ ይችላል። ወደ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት ግን በትንሽ የፍየል ቆዳ ቁራጭ ላይ ይሞከር፤ ኮላጅንን (የቆዳውን ዋና ፕሮቲን) የሚበላ ከሆነ ከፀጉሩ ጋር የቆዳውን ፊት ቦርቡሮ ያወጣዋል።