ለአንድ ምላጭ ስንት ድንጋይ?

ክርክሩን የጫረው ታጣፊ ምላጭ የገዛ ወጣት ነው። ስለቱ ተነቅሎ የሚጣልለት ዓይነት ሳይሆን፣ እየተሳለ ዕድሜ ልክ የሚያገለግለው። «የመሳያ ድንጋዩስ የትኛው ይሁን?» አለ።

አንጋፋው ፈጠን ብለው መለሱ። «ኮቲኩል ግዛና ተገላገል። ከቤልጂየም፣ ከአርደን የሚወጣ ቢጫ ድንጋይ ነው፤ ብረቱን የሚበላው ውስጡ ያለው የጋርኔት ቅንጣት ነው። በትንሽ ድንጋይ አሽተህ ጭቃ ታወጣለታለህ። ጭቃው ወፍራም ሲሆን ቶሎ ይበላል፤ በውሃ ጠብታ እያቀጠንከው ስትሄድ ያለሰልሳል። መጨረሻ ላይ ንጹህ ውሃ ብቻ ይቀራል። አለቀ!»

«ጋሼ፣ ይህ ለእርስዎ እጅ ነው» አለ ሌላው። «የተፈጥሮ ድንጋይ ጠባዩ ይለያያል፤ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዘገምተኛ። ጀማሪ ጭቃውን መቼ እንደሚያቀጥን በምን ያውቃል? የፋብሪካው ቁጥር አለው፦ 1000፣ 4000፣ 8000፣ 12000፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይለሰልሳል።»

«አራት ድንጋይ ልታስገዛው ነው?»

«እንግዲያው 12000ውን ብቻ ልግዛ፤ የመጨረሻው ለስላሳ እሱ አይደል?» አለ ወጣቱ። እዚህ ላይ ሁለቱ ተስማሙ፦ የደነዘ ምላጭ 12000 ላይ ቢውል ያብረቀርቃል እንጂ አይሳልም። የአፉ ሁለት ጎኖች መጀመሪያ መገናኘት ያለባቸው 1000 ላይ ነው። መገናኘታቸውን ለማወቅ ጠርዙን በማርከር ቀብቶ ሁለት ሦስቴ መግፋት ነው፤ ቀለሙ እስከ አፉ ጫፍ ካልለቀቀ ወደ 4000 መሄድ የለም።

ዝም ብሎ ይሰማ የነበረው ሦስተኛው ታዲያ «ድንጋዩ ጎድጉዶ ከሆነ ቁጥሩ ምን ይፈይዳል?» አለ።

እውነቱ ከእሱ ጋር ነው። ምላጭ እንደ ቢላ በእጅ ግምት ጀርባው ከፍ ተደርጎ አይሳልም፤ ጀርባውና አፉ እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፣ ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ የአፉን ጫፍና ጫፍ እየነካ መሐሉን ይዘላል። አዲስ ድንጋይም ሁልጊዜ ልሙጥ ሆኖ አይመጣም። ፊቱ ላይ በእርሳስ መረብ አስምሮ፣ ውሃ እያፈሰሱ 400 ቁጥር የአልማዝ ሰሌዳ (የአልማዝ ብናኝ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ብረት) ላይ መስመሩ ሁሉ እስኪጠፋ መፈተግ ነው። የድንጋዩ ጠርዝ ስል ከሆነ አፉን ሊሸርፈው ስለሚችል እሱንም ማዶልዶም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለጀማሪ የምመርጠው 1000፣ በአንድ ወገን 4000 በሌላው 8000 የሆነ ጥንድ ድንጋይ፣ እና ያ የአልማዝ ሰሌዳ ነው። ገንዘብ ካጠረ የሚቀረው 12000ው እንጂ ሰሌዳው አይደለም። ኮቲኩሉ ይቆይ፤ ጋሼ ይቀየሙኝ። 1000ውን በየጊዜው ማውጣት ግን ምላጩን ከነጀርባው መጨረስ ነው፤ አፉ ካልተሸረፈ 8000 ላይ ጥቂት ጊዜ፣ ያለ ጫና፣ አፉን አስቀድሞ መግፋት ይበቃዋል። ከዚያ ወደ ጠፍር፣ ምላጩ የሚታሽበት የቆዳ ቁራጭ፤ እዚያ ግን የሚቀድመው ጀርባው ነው፣ አፉ ከቀደመ ቆዳውን ይቆርጠዋል።