ስለ ጦርነቱ ተጠየቀ፤ ስለ ዛሬውስ?

እስቲ አንድ ቃለ መጠይቅ እናስብ። ቦታው የስደተኞች ካምፕ ነው። የሸራ ድንኳን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ አስተርጓሚው መሃል ነው፤ ፊት ለፊት አንድ ጎልማሳ አለ። ምግብና ውሃ አጥተው ያውቃሉ? አዎ። ታስረው ያውቃሉ? አዎ። ሰው ሲገደል አይተዋል? ዝም አለ። ቆይቶ፣ አዎ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወረቀቱ ይገለበጣል። ሁሉም በደከመበት ሰዓት የመጨረሻዋ ገጽ ትመጣለች። መጠጥስ ይጠጣሉ? አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ነው። ውጭ የተቀመጡት ሰዎች ሲያስሉ በሸራው በኩል ይሰማል። «ኧረ እኔ አልጠጣም» ይላል ሰውየው። ጠያቂዋ «አይ» የሚለው ላይ ምልክት ታደርጋለች።

በቃ፣ ቁጥር ሆነ። ነገ ከነገ ወዲያ አንድ ሪፖርት ውስጥ መቶኛ ሆኖ ይወጣል።

ሰውየው ለምን ዋሸ ብላችሁ አትፍረዱበት። እውነቱንም ይሆናል፤ የማይጠጣው ስደተኛ ብዙ ነው። ግን ቢጠጣስ ምን ብሎ ያወራል? የጥገኝነት ፋይሉ አልተዘጋም። ወደ ሦስተኛ አገር ይሄዳሉ ከተባሉት መካከል ስሙ አለ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለምሳሌ፣ በሕክምና ምርመራ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ሆኖ የተገኘ ሰው እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል። ሕጉን አንብቦ የሚያውቀው ስደተኛ ጥቂት ነው፤ ወሬው ግን ካምፑን ያዳርሳል። ወሬ ደግሞ ቢራን ከሄሮይን አይለይም።

በስደተኞች የአእምሮ ጤና ላይ የተሠራው ጥናት ትንሽ አይደለም፤ ተመራማሪዎቹም አብዛኞቹ ቅን ሰዎች ናቸው። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስደተኛው ምን አይቶ እንደመጣ አንድ በአንድ ይጠየቃል። ዛሬን እንዴት አድርጎ እንደሚያመሻት ግን ወይ አይጠየቅም፣ ወይ ሁሉም ከደከመ በኋላ ይጠየቃል። መጠጡ፣ ጫቱ፣ የእንቅልፍ ኪኒኑ ያለው ግን እዚያ ዛሬ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ስም አግኝቶ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጉዳይ በጣም ገፍቶታል። በ1992 ደግሞ ሪቻርድ ሞሊካ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከኢንዶቻይና (ከቬትናም፣ ከካምቦዲያና ከላኦስ) ለተሰደዱ ሰዎች ያዘጋጁትን የሃርቫርድ ትራውማ መጠይቅ አሳተሙ። ድንኳኑ ውስጥ የሰማናቸው ጥያቄዎች የዚያ መጠይቅ ዘመዶች ናቸው። ትልቅ ሥራ ነበር። ሰው በአፉ ሊያወጣው የማይችለውን ነገር «አዎ» ብቻ ብሎ እንዲገላገል አድርጎታል። ግን መጠይቁ ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ ከሱ በኋላ የመጣው ጥናትም አብዛኛው አንገቱን ወደዚያው አዙሮ ቀረ።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በ2005 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ምዕራባውያን አገሮች የገቡ ወደ 7,000 የሚጠጉ ስደተኞችን መረጃ ሰብስቦ፣ ከአዋቂዎቹ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ፒቲኤስዲ አለበት አለ። በ2009 ጃማ የተባለው ሌላ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ደግሞ 181 ጥናቶችን፣ ከ80,000 በላይ ስደተኞችንና ጦርነት የነካቸውን ሰዎች ደምሮ 30 በመቶ ገደማ አገኘ፤ ድባቴም እንደዚያው። አሥርና ሠላሳ እንግዲህ አንድ አይደሉም! የሰዎቹና የቦታዎቹ ልዩነት አለበት። ግን የ2009ኙ ጥናት ራሱ እንዳሳየው፣ የልዩነቱ አንድ ክፍል የሚመጣው ከአጠያየቁ ነው፤ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ እንዴት ተመረጠ፣ ሐኪም ነው የመረመረው ወይስ ቅጽ ነው የሞላው። ማሰቃየት የደረሰበት ሰው ግን የባሰ መጎዳቱ በግልጽ ወጥቷል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ በ2005 ጃማ ላይ የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ፖርተርና ሃስላም የተባሉ ተመራማሪዎች 56 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው፣ ስደተኛው ከሸሸ በኋላ ያለው ኑሮ ጤናውን እንዴት እንደሚነካ ተመለከቱ። በጋራ መጠለያ የታጎሩት፣ ሠርተው የመግባት ዕድል የተዘጋባቸው፣ የሸሹለት ግጭት ገና ያልበረደላቸው፣ እነዚህ የባሰባቸው ሆነው ተገኙ። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ድሮ የተሻለ ኑሮ የነበራቸውና የተማሩት ናቸው ይበልጥ የተጎዱት። ለኔ ይህ ብዙ ይናገራል። ትናንት በሽተኛ ያክም የነበረ ሰው ዛሬ ለራሽን ተሰልፎ፣ የራሽን ካርዱን ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ እየመረመረለት ሲቆም ይታያችሁ። ጥይቱ ካለፈ ቆይቷል። ሰልፉ ግን ነገም አለ።

ለስንት ጊዜ? በ2024 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን እንደቆጠረው ከ42 ሚሊዮን በላይ ስደተኞች አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ «የተራዘመ ስደት» በሚባለው ውስጥ ናቸው፤ ያ ማለት ወገኖቻቸው በዚያ አገር ቢያንስ አምስት ተከታታይ ዓመት በስደት ላይ ናቸው። አምስት ዓመት ሥራ ሳይፈቀድለት ቁጭ ያለ ጤነኛ ጎረምሳ ምን ቢያደርግ ይገርማችኋል?

ወደ መጠጡ ልምጣ። በ2016 የወጣ አንድ የጥናቶች ዳሰሳ፣ አደገኛ የአልኮል አጠቃቀም በካምፖች ከ17 እስከ 36 በመቶ፣ ከካምፕ ውጭ በኅብረተሰብ መሃል በሚኖሩ ተፈናቃዮች ዘንድ ደግሞ ከ4 እስከ 7 በመቶ መመዝገቡን ጽፏል። ጥናቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አሠራራቸውም ይለያያል፤ ካምፕ ነው ሰውን የሚያሰክረው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ይህን ያህል ልዩነት አይቶ ዝም ማለትም አይቻልም። በ2019 ደግሞ ስዊድን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። ስደተኞችና ሌሎች መጤዎች በአልኮልና በዕፅ ችግር የመያዝ ዕድላቸው ስዊድን ከተወለዱት ግማሽ ያህል ነበር። ሰካራሙ ስደተኛ እየመጣብን ነው ለሚለው ወሬ ጥሩ መልስ ነው። ችግሩ፣ በአገሩ ብዙ በቆዩ ቁጥር ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ። የአገሩን ልማድ መልመድም ይሆናል፣ ያልተሳካ ኑሮም ይሆናል። ፒቲኤስዲ ግን ስዊድናዊ፣ ስደተኛ ሳይል የሁሉንም አደጋ ከፍ አድርጎታል።

ሰው ራሱን ለማከም ነው የሚጠጣው የሚለውን ሐሳብ ካንዚያን የተባለ ሐኪም በ1985 ሰፋ አድርጎ ጽፎበታል። እውነት አለው። ቅዠት የሚያባንነው ሰው ሁለት ሦስት ብርጭቆ ሲል እንቅልፍ ይወስደዋል። ተንኮሉ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አልኮል ሕልም የሚታይበትን እንቅልፍ በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ያፍነውና፣ ስካሩ ሲበርድ ሁሉም ነገር ተጠራቅሞ ወደ ንጋት ይመጣል። ሰውየው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ አጥምቆት ይነቃል። ማታ ደግሞ ከፍ አድርጎ ይጠጣል። ግን ሁሉም ቅዠት ስላለበት አይደለም የሚጠጣው፤ ሥራ ፈትቶ የሚጠጣም አለ፣ ጓደኛ ላለማጣት የሚቅምም አለ። ለነዚህ የቅዠት ሕክምና ምን ያደርግላቸዋል?

መጠይቁም ራሱ ጣጣ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ኦዲት የተባለ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት። አንዱ፣ በሚጠጡበት ቀን ስንት መለኪያ ይጠጣሉ ይላል። መለኪያ የሚሠራው መጠጡ በጠርሙስ ከፋብሪካ ሲወጣ ነው። ካምፕ ውስጥ ያለው መጠጥ ብዙ ጊዜ ቤት የተጠመቀ ነው፤ በጀሪካን ይመጣል፣ አንድ ጣሳ አምስት ሰው ይቀባበለዋል፣ ጥንካሬውም ከሰኞ ማክሰኞ ይለያያል። ስንት መለኪያ ይባላል እንግዲህ? ጠያቂዋ ትገምታለች፣ ሰውየው ይገምታል፣ አስተርጓሚውም የራሱን ይጨምርበታል።

ያንን ጀሪካን የሞላችው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። ከራሽን እህሏ ቀንሳ ጠምቃ፣ በሽያጩ የልጆቿን ደብተርና ሳሙና ትገዛለች። አንዳንዴ የሚደበድባት ባሏ ያንኑ ጠጥቶ ነው። የካምፕ ጠባቂዎች መጥተው ጋኑን ሲሰብሩባት ሁለት ጊዜ ተጎዳች። ይቺን ሴት «ትጠጫለሽ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያወጣም።

መመሪያ የለም እንዳትሉ፣ አለ። በ2007 የወጣው የዓለም አቀፍ ረድኤት ድርጅቶች የጋራ መመሪያ ስለ አልኮልና ዕፅ ለብቻው ክፍል አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የስደተኞች ኮሚሽኑ በ2015 ያወጡትም እንደዚያው። መሬት ላይ ሲወርድ ግን ሰውየውን ኳስ ያደርጉታል። የአእምሮ ጤና ክሊኒኩ «መጀመሪያ መጠጡን ተው» ይለዋል። የሱስ ማገገሚያው፣ ካለ ማለቴ ነው፣ «አንተ የአእምሮ ሕመም አለብህ፣ እኛ ጋ አይሆንም» ይለዋል። እውነት እንነጋገር ከተባለ፣ የሚያለቅስ ስደተኛ ያሳዝነናል፣ የሚንገዳገድ ስደተኛ ያስጠላናል። ሁለቱ ግን አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

ተስፋ የሚሰጥም አለ። ኡጋንዳ ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ በ2020 ታትሟል። ከነሱ ከፊሎቹ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ፣ አጭር ሥልጠና በወሰዱ ተራ ሰዎች እየታገዙ፣ በቡድን አምስት ጊዜ ብቻ ተገናኙ። ከሦስት ወር በኋላ ጭንቀታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ሐኪም በሌለበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሙከራው ግን የሴቶች ብቻ ነበር፤ ያ ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ አልነበረበትም።

ለሱ እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አስተርጓሚው ከሌላ ብሎክ ይምጣ። የሚናገረው ነገር የጥገኝነት ፋይሉ ጋ እንደማይደርስ አስቀድሞ ይነገረው፣ እውነትም አይድረስ። ስለ ጦርነቱ ከመጠየቁ በፊት ደግሞ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሲያደርጉ ዋሉ?» ይባል። ለመልሱም ግማሽ ገጽ ባዶ ይተዉለት፤ «አዎ» እና «አይ» የሚሉት ሳጥኖች አይበቁትም።