የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻም ቅርስ ነው

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፊቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ፣ ስለ ሐዋሳ ቅርስ ሲነሣ ወሬው የሚጀምረውም የሚያበቃውም በዓሉ በሚከበርበት አደባባይ በጉዱማሌ ነው። በዓሉ ክብሩ ይገባዋል። ቅር የሚለኝ፣ ጓሮው እንሰትና በቆሎ፣ ደጁ ውኃ የሆነው የሐይቅ ዳር መንደር ከነኑሮው እንደ ቅርስ አለመቆጠሩ ነው።

በእነዚህ መንደሮች ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ብዙ ጊዜ አንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም አንድ ሰው ናቸው። ማታ የጣለውን መረብ ንጋት ላይ አንሥቶ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣውን ወደ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚሰድ ጎልማሳ ረፋዱን በቆሎ ሲኮተኩት ይገኛል። የግብርና ባለሙያው ስለ ማሳው፣ የዓሣ ሀብት ባለሙያው ስለ መረቡ ለየብቻ ያነጋግሩታል፤ በማሳውና በውኃው መካከል የሚበቅለው ደንገልና ፊላ ግን ከሁለቱም ወሬ ያመልጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይኸው ደንገል ነው። ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውኃ ነው፤ ወንዱ ከሥር ጎጆውን ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም ደንገሉ ሥር ይሸሸጋሉ። ደንገሉ ታጭዶ እርሻው እስከ ውኃው ጠርዝ ሲዘልቅ፣ ወይም በቦታው የመዝናኛ ግንብ ሲቆም፣ ዓሣው መጠለያውን ያጣል፤ ከማሳው የሚታጠበውን አፈርና ማዳበሪያ አጥልሎ የሚያስቀርም አይኖርም። ሐይቁ ደግሞ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው በጥቁር ውኃ ወንዝም ሆነ በጎርፍ የገባው ደለል እዚያው ይከማቻል። ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አጠገቡ ያለው ጨለለቃ በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው።

ሌላው ችግር የወቅት ነው። ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም ከጥር እስከ መጋቢት ርቢው ይበረታል፤ ዐቢይ ጾም ገብቶ የዓሣ ገበያ የሚደራውም በዚያው ሰሞን ነው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ገበያው የራሱን መልስ ከሰጠ ቆይቷል።) የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ አልፎታል፤ ትንንሹን ዓሣ ሳይቀር የሚያጠምደው ዓይነ ጠባብ መረብ ግን ዛሬም ዳር ዳሩን ይጎተታል።

ሲዳማ የሚታወቀው በእንሰትና በከብት ነው፣ ዓሣ ማስገር በኋላ የመጣ ሥራ በመሆኑ ቅርስ አይባልም የሚሉ አሉ። የኋላ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ልጅ ከአባቱ ጀልባ መቅዘፍን፣ መረብ መጠገንንና የነፋሱን ጠባይ የሚማርበት ሥራ፣ ቅርስ ለመባል የእንሰትን ዕድሜ መጠበቅ ያለበት አይመስለኝም።

በፊቼ ዕለት አባቶች ሕዝቡን ሲመክሩ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ያሳስባሉ። ምክሩ ደንገሉንም ቢጨምር፣ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ የመሰማት ዕድሉ የሰፋ ነው። ከዚህ ጋር ከጥር እስከ መጋቢት በዳርቻው ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ መረብ መጣል መቆም አለበት። ወጪውን አስጋሪው ብቻውን ሊሸከመው ግን አይገባም፤ የሐይቁን ዕይታ ለእንግዳ እየሸጡ የሚያተርፉ ሎጆችና ሆቴሎች በእነዚያ ወራት ለአስጋሪዎቹ ደንገል የመትከያና የመንከባከቢያ የቀን ክፍያ ቢያዋጡ ፍትሐዊ ይሆናል። የአስጋሪውን የሦስት ወር ገቢ ሳያስብ ክልከላ ብቻ የሚያወጣ ደንብ፣ መረቡ በስውር እንዲጣል ከማድረግ ያለፈ ነገር አያመጣም።